ሰባተኛው ክፍል አርፏል

እህቴን በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሴንቲሜትር ነው የሚሏት፤ ሲያሳጥሩት ደግሞ ሴንቲ። ፊት ለፊቷ «እትዬ ሴንቲ» ይሏታል፣ ዞር ስትል ይስቃሉ። ስሙ የወጣላት በመጥረጊያ እንጨት ምክንያት ነው። የአሮጌ መጥረጊያ እጀታ ላይ በጥፍር ቀለም ሁለት መስመር አሰመረችበትና በየማለዳው መስኩን እየዞረች ሣር ትለካበታለች። የታችኛው መስመር ስምንት ሴንቲሜትር ነው፣ የላይኛው ሃያ። ሣሩ ሃያ ሳይሞላ ላም አትገባበትም፤ ስምንት ሲደርስ ላም ትወጣለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን ለመረዳት ግን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሁለት ዓመት ፈጀበት፤ ገባው ማለት ራሱ ድፍረት ነው።

እኔ ታናሿ ነኝ። የወተት ማኅበራችን ጸሐፊና ወተት ተቀባይ እኔው ነኝ፤ ማለትም ጠዋትና ማታ ወተት እለካለሁ፣ በመሀል ወረቀት እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

እህቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው አንድ ትልቅ የከብት እርባታ ውስጥ ነው። አላቢ ሆና ገባች፣ የግጦሽ ኃላፊ ሆና ወጣች። እርባታው ሲዘጋ አራት ላሞቿን ይዛ ወደ እኛ ተመለሰችና በአባታችን ድርሻ የማኅበሩ አባል ሆነች። ባል አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። ሰው ሲያናግራት ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ መጀመሪያ ዓይን አፋር ትመስልሃለች፣ ቆይቶ ግን የቆምክበትን ሣር እያየች መሆኑ ይገባሃል። አባታችን የተቀበረ ቀን እንኳ ክንዴን ያዝ አድርጋ በጆሮዬ፣ «እግርህን አንሣ፣ የረገጥከው ደህና ዘር ነው» ብላኛለች።

ስትመጣ መስካችን የሚያሳፍር ነበር። አርባ ሁለት ሄክታር የጋራ መሬት ነው፤ ስድሳ አንድ ላሞች ከጠዋት እስከ ማታ ተለቅቀውበት ይውሉ ነበር። ላም ደግሞ ሞኝ አይደለችም። የሚጣፍጣትን መርጣ ትበላለች፤ ያው ሣር ሁለት ጣት ሲያቆጠቁጥ ተመልሳ ትቆርጠዋለች፤ የማይጣፍጣትን አልፋው ትሄዳለች። እንዲህ እየሆነ የውሃ ገንዳው አካባቢ ራሰ በራ ሆነ፣ ራቅ ያለውን ጥግ ደግሞ ማንም አፉን የማያደርግበት ሻካራ አረም ወረሰው። እኛ «መስኩ ጠበበን» እንል ነበር። መስኩ አልጠበበም፤ ግማሹን ገድለን ግማሹን ረስተነው ነው።

እህቴ በመጣች በሦስተኛው ወር ስብሰባ አስጠራችና ይህንኑ ነገረችን። «ሣር ሲቆረጥ መልሶ የሚበቅለው ሥሩ ውስጥ ካስቀመጠው ስንቅ ላይ እያነሣ ነው» አለች። «ስንቁን ሳይተካ ደግማችሁ ከቆረጣችሁት ቅጠል የበላችሁ ይመስላችኋል እንጂ የምትበሉት ሥሩን ነው። መስኩን ሰባት ቦታ እንክፈለው። ላሞቹ አንዱ ክፍል ውስጥ አምስት ቀን ይቆዩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ። የወጡበት ይረፍ።»

«ይረፍ?» አለ አጎታችን። አጎታችን የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ከስድሳ አንዱ ላሞች አሥራ አራቱ የእሱ ናቸው፤ የማኅበሩን ማኅተም በመሐረብ ጠቅልሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። «አንቺ ልጅ፣ ሣር ምን ሠርቶ ደከመውና ነው የሚያርፈው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ልጅ» ያላት ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው።

እሷ ግን አትሰለችም። እኔ ብሆን ኖሮ ያኔውኑ ላሞቼን ነድቼ እወጣ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች ለመነች፣ አስረዳች፣ ተጨቃጨቀች። በመጨረሻ አሮጌ ሽቦ ተገኘ፣ ግንድ ተቆረጠ፣ መስኩ ሰባት ተከፈለ። ባዶ የሆነው ክፍል በር ላይ «ይህ ክፍል እያረፈ ነው» የሚል ጣውላ ሰቀለች። በማግስቱ አንዱ ቀልደኛ ከሥሩ በከሰል «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈበት። እሷ ግን አላጠፋችውም። «ካነበቡት ይበቃኛል፣ ይሳቁ» አለች። የሚያሳብደኝ ይኼ ጠባይዋ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ራሰ በራው መሬት መሸፈን ጀመረ። ሻካራው አረም ላሞቹ ተጠጋግተው ሲረግጡትና ምርጫ ሲያጡ እየሳሳ ሄደ። በቀን ሁለት መቶ አሥር ሊትር የምቀበለው ወተት ሁለት መቶ ስልሳ ገባ። ቁጥሩን በዚህ በቆንጆ ጽሕፈቴ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበና «ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነበር» አለ። ዝናቡ ካምናው ያነሰ ነበር። ነገርኩት። «እንግዲያው ፀሐዩ ነው» አለኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ትነጋገራለህ?

እሱም ባዶ እጁን አልተቀመጠም፤ አባላቱን አንድ በአንድ ጠርቶ አነጋገረ። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ስብሰባ ተጠራና አንድ ውሳኔ ተወሰነ። በጋው ሲያልቅ ላሞቹ ሥጋቸውን እንደያዙ ከተገኙ አጥሩ ይቆያል፤ ከከሱ ተነቅሎ መስኩ እንደ ድሮው ይለቀቃል። እህቴ «ተስማምቻለሁ» አለች። እኔ ፈራሁ፤ እሷ አልፈራችም። ምክንያቱም ሰባተኛው ክፍል ነበራት።

ሰባተኛውን ክፍል ከዝናቡ አጋማሽ ጀምራ ዘጋችው። ስድስቱን እያፈራረቀች ታስግጣለች፤ ሰባተኛው ሣሩ አድጎ፣ ዘሩን አራግፎ፣ ቆሞ ይደርቅና በበጋው መጨረሻ፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ፣ ስድሳ አንዱን ላሞች ከወር በላይ ይይዛል። ስሌቷ ይህ ነበር፤ ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር በሙሉ የታሰረው እዚያች ስድስት ሄክታር ላይ ነው። ሣሩ ጉልበት አለፈ። ነፋስ ሲመጣ ድፍን ሜዳው ይተኛና ይነሣል። ከእኔ ሌላ ቆሞ ያየው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም፤ ሌላው ሰው ሲያየው የሚታየው ያልተበላ ሣር ብቻ ነው።

አጎቴማ በየሳምንቱ እየመጣ «ሣሩ እዚያ ቆሞ ላሞቼ እዚህ እምቧ ይላሉ» ይላት ነበር።

«ጋሼ፣ አምስት ሳምንት ይታገሡኝ።»

«አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት? አገር የሚያውቀውን ግጦሽ ስንጥቅጥቁን አወጣሽው።»

«አምስት ሳምንት ብቻ፣ ጋሼ።»

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ደስ እያለኝ አይደለም።

ማኅበራችን በየሦስት ወሩ ለከተማው የመሬት ክፍል ሪፖርት ይልካል። ቅጹ ሠንጠረዥ ነው፤ በአንደኛው ወገን የቦታው ስም፣ በሌላው «የመሬቱ ሁኔታ» የሚል ሁለት ጣት የማይሞላ ጠባብ ዓምድ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ስለ ሰባተኛው ክፍል ቃል በቃል እንዲህ ብላ አስጻፈችኝ፦ «ለበጋ መጠባበቂያ የተከለለ፣ ላሞቻችን ከአምስት ሳምንት በኋላ የሚገቡበት የግጦሽ ሣር አለበት።» ብላኝ ወጣች፤ ላም የምታልብበት ሰዓት ነበር።

እኔ ዓምዱን አየሁት፣ ዓረፍተ ነገሩን አየሁት። አይገባም። ጠርዝ ላይ ማጨናነቅ፣ ወደ ጀርባ ማዞር፣ ተጨማሪ ወረቀት ማያያዝ ይቻል ነበር። እኔ ግን ጽሑፍ ሲንዛዛ አልወድም፤ ሠንጠረዥ ሲቆሽሽ ደግሞ ያመኛል። ከሰባተኛው ክፍል ፊት ለፊት አንዲት ቃል አስቀመጥኩ፦ «አርፏል።» መሀል ላይ፣ ቀጥ ብላ። ቀና ብዬ አየኋትና አማረችኝ። እሷም ራሷ ሁልጊዜ የምትለው ቃል አይደል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የወተት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳለ ከዋናው መንገድ በኩል አቧራ ተነሣ። ሰንጋዎች ናቸው፤ የነጋዴ ከብቶች፣ በየዓይነቱ። ወዴት ነው ብዬ ሳስብ ወደ እኛ መስክ ታጠፉ። እየሮጥኩ ስደርስ የሰባተኛው ክፍል በር ተከፍቶ ግማሾቹ ገብተዋል። እህቴ በሩ መሀል ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ሰንጋዎቹ በግራና በቀኟ ያልፋሉ።

ከፊት የነበረው ነጋዴ ክፉ ሰው አልነበረም። «እናቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይረግጡዎታል። ወረቀት አለኝ» አለ።

«የምን ወረቀት?»

«የከብት ገበያው ሜዳ ሊጠገን ነው። እስከዚያ እዚህ አቆዩ ተብለናል። ለአሥራ ሁለት ቀን ነው። ቦታው ባዶ ነው ብለውናል።»

«ባዶ? ጉልበትህ ድረስ ሣር ቆሞ፣ ባዶ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እናቴ። ወረቀቱ አርፏል ነው የሚለው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። «በማኅበሩ ሪፖርት መሠረት አርፎ የተቀመጠው ሰባተኛ ክፍል» ይላል። የእኛ ግልባጭ የደረሰን በማግስቱ ማክሰኞ ነው፤ ከብቱ ከደብዳቤው ቀድሞ መጣ። እህቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዞር ብላ ከብቶቹን መቁጠር ጀመረች። ሁለት መቶ አርባ ሰባት ነበሩ።

«አምስት ቀን» አለች። «በአምስት ቀን ይጨርሱታል። ከአምስት ቀን በፊት ካላስወጣናቸው ለሌላው ሰባት ቀን የሚግጡት አፈሩን ነው።»

በዚያው ልብሷ፣ እበት በነካው ቦት ጫማዋ፣ ወደ ከተማ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። የመሬት ክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ኮሪደሩ ላይ አንድ እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ከተቀመጥክ ሚዛኑን ለመጠበቅ እግርህን አራርቀህ መግፋት አለብህ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እየገፋን ተቀመጥን። ኃላፊው በሌላ በር ወጥቷል።

ማክሰኞ አገኘነው። ወጣት ነው፣ ክራባት አሥሯል፣ በጣም ትሑት ነው። ትሑት ባይሆን ይሻለኝ ነበር፤ ትሑት ሰው ላይ መጮህ አይመችም። ሪፖርታችንን ከፋይሉ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን።

«ይመልከቱ እናቴ። የመሬቱ ሁኔታ፣ አርፏል። እኛ ጋ ያረፈ መሬት ማለት ሥራ ያልያዘ ማለት ነው። ገበያው እስኪጠገን ያረፈ ቦታ ፈልጉ ተባልን፣ ፈለግን፣ አገኘን። ጽሑፉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ እንዲህ የተጣራ ጽሑፍ ከየትም ማኅበር አይመጣልንም።»

ምድር ብትከፈት እገባባት ነበር።

«ሣር ሲያርፍ ሥራ ላይ ነው» አለች እህቴ። «ሥር የሚሰድደው፣ ዘር የሚጥለው ያኔ ነው። እባክህ ልጄ፣ ዛሬውኑ አስወጣልኝ።»

«ይገባኛል» አለ። እንዳልገባው ያስታውቅበታል። «በቃል ግን አይሆንም። ማኅበሩ በማኅተም የተረጋገጠ የእርማት ደብዳቤ ያምጣልኝ፣ በዚያው ቀን አስወጣቸዋለሁ።»

ማኅተሙ አጎቴ ኪስ ውስጥ ነው። አጎቴ ደግሞ ልጁ ወልዳለት ሌላ ከተማ ነው። ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ ረቡዕ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ ቤቱን አፈላልጌ ደረስኩ። አጎቴ ሕፃኑን አቅፎ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼ ተሳስተናል ይላል» አለ።

«ተሳስተናላ፣ ጋሼ።»

«እኔ ሊቀመንበር ሆኜ ማኅበሩ ተሳስቷል ብዬ ማኅተም አልመታም። 'እርማት' የሚለውን አውጣና 'ማብራሪያ' በለው።»

«ጋሼ፣ ኃላፊው እርማት ነው ያለው። ሣሩ እያለቀ ነው!»

«ያው አይደለም እንዴ? ማብራሪያ ይሻላል፣ ያምራል።»

ደሜ ፈላ። ግን ማኅተሙ ያለው እሱ ጋ ነው። እዚያው ሕፃን በሚያለቅስበት ሳሎን ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፤ መሐረቡን ፈትቶ መታልኝ። ሐሙስ ጠዋት ለኃላፊው ሰጠነው። አነበበና ጭንቅላቱን ወዘወዘ።

«ይኼ ማብራሪያ ነው። የጠየቅኩት እርማት ነበር። በማብራሪያ ትእዛዝ አይሻርም።»

እህቴ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። «እኔ ከዚህ አልነሣም» አለች። አልጮኸችም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ባለጉዳይ ይሰለፋል፣ እሷ ተቀምጣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ኃላፊው ቆልፎ መውጣት አቃተው። ከሰዓት በኋላ ለአለቃው ደወለ፤ አለቃው ለሌላ ሰው ደወለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የማስለቀቂያ ወረቀት ሰጡን። ከብቶቹ ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። አምስት ቀን ሞላቸው ማለት ነው።

ሰባተኛው ክፍል ውስጥ የቀረውን ሣር ለመለካት እንጨት አያስፈልግም ነበር። ሙልጭ ብሏል። ያልተበላው ተረግጧል፣ መሬቱ በሰኮና ታርሷል፤ በየቦታው እበት። እህቴ ከዳር እስከ ዳር ሄደችው። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሥሩ ላይሞት ይችላል» አለች። «እስከ ዝናቡ ድረስ ምንም እግር ካልነካው ይተርፋል።» ላሞቹስ ምን ይበላሉ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ስድስቱን ክፍሎች እየቆጠበች አዞረቻቸው። የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ ወተት ያቆሙትን ላሞች ለየች፣ በየሰፈሩ ጭድ ለመነች፣ ከወንዙ ዳር ቅጠል አጨደች። ላሞቹ ከሱ። አልሞቱም፣ ግን ከሱ፤ ጎድናቸው ከሩቅ ይቆጠራል። በጋው አለቀና ስብሰባው ተጠራ።

የምንሰበሰበው ወተት ቤቱ ውስጥ ነው። ባዶ ጣሳዎቹን ወደ ግድግዳ እንገፋና የፕላስቲክ ወንበር እንደረድራለን። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ጠረጴዛ አለኝ። አጎቴ ተነሥቶ ተናገረ፦ ውሳኔያችን ግልጽ ነበር፣ ላሞቹ ከስተዋል፣ አጥሩ ይነቀል። ደግሞም ሣሩን በጊዜው አስግጠነው ቢሆን ኖሮ የእኛ ከብት ይበላው ነበር፤ አስቀምጠን አስቀምጠን ለነጋዴ ሰንጋ ቀለብን። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሣር ብናስቀምጥ ተበላብን፤ ስለዚህ ሣር አይቀመጥ! ይህን ሐሳብ ሐሳብ ብለው ሲቀበሉት እያየሁ አንጀቴ አረረ።

ድምፁ ግን እኩል ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። አጎቴን ጨምሮ ስድስት ሰው አጥሩ ይነቀል ባይ ነው፤ እህቴን ጨምሮ አምስታችን ይቆይ ባይ ነን። የቀረው ባለጋሪው ነው። ሦስት ላም አለው፣ ጭምት ሰው ነው፣ ሳያውቅ እጁን አያወጣም። ደንባችን ደግሞ ድምፅ እኩል ከሆነ ነባሩ ይቆይ ይላል። ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ባለጋሪው ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «አጥሩ ጥሩ ነበር፣ ወተቴ ጨምሯል፤ ይህን አልክድም። ግን የሚመራው ሰው ጠንቃቃ መሆን አለበት። ያቺን 'አርፏል' የምትለዋን ቃል ለመሬት ክፍል የሰጠው ማነው? እሷ ራሷ ከሆነች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ፣ እንደገና ሁለት ዓመት አላምንሽም። እሷ ካልሆነች ግን ጥፋቱ የአጥሩ አይደለም፣ እጄን አላወጣበትም።»

እስክሪብቶው በእጄ ነው። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ መሬት ሳይሆን እኔን። ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ወንበሬን ገፍቼ መነሣት፣ «እኔ ነኝ» ማለት፣ ሁለት ቃል ነው። ያኔ ያሰብኩትን ልናገር፦ ጸሐፊነቴን አሰብኩ፣ የተጣራ ጽሑፍ የተባለውን አሰብኩ፣ ለዓምዱ ማማር ብዬ ነው ስል የሚስቁትን ሳቅ አሰብኩ። ይኼው ነው ያሰብኩት። እሷም መናገር ትችል ነበር። ለምን አልተናገረችም? በዚህም እስከ ዛሬ ተናድጄባታለሁ።

«ሌላ ማን ሊሆን ነው?» አለ አጎቴ። «ይረፍ፣ አርፏል፣ እያረፈ ነው፤ የእሷ ቃል አይደል? በሩ ላይ ሳይቀር ሰቅላው የለም?»

ባለጋሪው እህቴን ጠበቃት። ዝም አለች። ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

ሰባት ለአምስት ሆነ። እኔ እጄን ከእህቴ ጋር አወጣሁ፤ እሱን እንደ ጀግንነት ቆጥሬ።

አጎቴ ለቃለ ጉባኤው አስጻፈኝ፦ «በእህታችን የቃል አጠቃቀም ጉድለት ምክንያት የበጋው መጠባበቂያ ሣር ስለጠፋ አጥሩ እንዲነሣ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል።» ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ጻፍኩት። እንደ ልማዳችን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ ከዚያ አባላቱ ተራ በተራ እየመጡ ፈረሙ። እህቴ የመጨረሻዋ ነበረች። ጎንበስ ብላ አነበበችው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሳትቸኩል። ቀና ስትል አላየኋትም፤ ጣቴን እያየሁ ነበር።

ፈረመችና እስክሪብቶውን መለሰችልኝ።

«ይኼን እንኳ አንድም ቃል ሳታስቀር ጽፈኸዋል» አለች።

ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ላሞቹ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ክፍል የሚያልፉበት ቀን ነበር።